ዝም ያለው ኪቦርድ፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን አሮጌ ኪቦርዶች ለምን ሥራ ያቆማሉ?

አንድ ተማሪ ለዓመታት ያገለገለ ኮምፒውተር ለማደስ ተነሣ እንበል። የመጫኛውን ሲዲ ከትቶ ኮምፒውተሩን ያበራል፤ የባዮስን ገጽ ከፍቶ የማስነሻውን ቅደም ተከተል ያስተካክላል፤ መጫኛው የሚያቀርብለትን ጥያቄዎችም አንድ በአንድ ይመልሳል። አሮጌው ሲስተም የነበረበት የሃርድ ዲስክ ክፍል ይሰረዛል፤ አዲሱ መቀዳት ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ይነሣል። ከዚህ በኋላ የተጠቃሚ ስም እንዲጻፍ የሚጠይቅ መስኮት ብቅ ይላል። ተማሪው ቁልፎቹን ይነካል፤ አንድም ፊደል አይታይም። አሮጌው ሲስተም ጠፍቷል፤ አዲሱ አልተጠናቀቀም፤ በመካከሉ ያለው ሰው ለማሽኑ የሚናገርበት መንገድ ተዘግቷል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምንደርስበት መደምደሚያ «ኪቦርዱ ተበላሽቷል» የሚል ነው። ኪቦርዱ ይጣላል፤ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው ቦታ ዝም ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት የባዮስን ገጽ ያለ ችግር ያንቀሳቀሰ ኪቦርድ ልክ በዚያች ቅጽበት ተበላሸ ማለት ለማመን ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ዋና ነጥብ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚጫንበት ጊዜ ኪቦርዱን የሚያዳምጠው አካል ሦስት ጊዜ ያህል እንደሚለዋወጥ፣ ዝምታው የጀመረበትን ቦታ ማወቅም የችግሩን ምንጭ ለማግኘት እንደሚረዳ ነው።

ቁልፍ ሲነካ ምን ይላካል?

በመጀመሪያ ኪቦርድ ፊደል እንደማይልክ መገንዘብ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ኪቦርድ ውስጥ ቁልፎቹን ያለማቋረጥ የሚቃኝ አነስተኛ ማይክሮፕሮሰሰር አለ። አንድ ቁልፍ ሲጫን ይህ ማይክሮፕሮሰሰር የቁልፉን ቦታ የሚያመለክት ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ቁጥሩ «ስካን ኮድ» ይባላል። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው።

ችግሩ፣ ሁሉም ኪቦርዶች ለአንድ ቁልፍ አንድ ዓይነት ቁጥር አለመላካቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፒሲ ባለ 5 እግር ክብ መሰኪያ ያለው ኪቦርድ ነበረው። ይህ ኪቦርድ መናገር እንጂ መስማት አይችልም ነበር፤ መልእክቱ የሚጓዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የ«ኤ» ቁልፍ ሲጫን 30 ቁጥርን፣ ሲለቀቅ ደግሞ 128 ተደምሮበት 158 ቁጥርን ይልክ ነበር።

በ1984 «ኤቲ» የተባለው ሞዴል ሲወጣ መሰኪያው ሳይለወጥ ቋንቋው ተለወጠ። አዲሱ ኪቦርድ ይናገራል፤ ይሰማልም። ለ«ኤ» ቁልፍ የሚልከው ቁጥር 28 ሲሆን፣ ቁልፉ ሲለቀቅ 240ን አስቀድሞ 28ን ይደግማል። የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይቸገሩ ሲባል በማዘርቦርዱ ላይ 8042 የሚባል መቆጣጠሪያ ተቀመጠ፤ ይህም 28ን ወደ ቀድሞው 30 እየተረጎመ ያስተላልፋል። በ1987 የመጣው ፒኤስ 2 መሰኪያውን አሳንሶ ባለ 6 እግር አደረገው፤ ቋንቋውን ግን አልነካውም። ከስድስቱ እግሮች ሥራ ላይ የሚውሉት አራት ናቸው፤ እነርሱም የ5 ቮልት ኃይል፣ መሬት፣ ዳታ እና የጊዜ ምት ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር በ11 ቢት ተጠቅልሎ ይላካል፤ አንዱ የመነሻ፣ ስምንቱ የቁጥሩ፣ አንዱ የስህተት መቆጣጠሪያ፣ አንዱ ደግሞ የመድረሻ ቢት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ የሆነው ዩኤስቢ ከእነዚህ ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ነው። በዩኤስቢ ኪቦርዱ በራሱ ተነሣሽነት አይናገርም፤ ኮምፒውተሩ «የምትለው አለ?» እያለ በየጊዜው ይጠይቀዋል። ለ«ኤ» ቁልፍ የሚሰጠው ቁጥርም 4 ነው። ባዮስ በቀላሉ እንዲረዳው ተብሎ የተዘጋጀ ባለ 8 ባይት አጭር መልእክትም አለ፤ የመጀመሪያው ባይት እንደ «ሺፍት» እና «ኮንትሮል» ላሉ ቁልፎች የተመደበ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባዶ ይተዋል፤ የቀሩት ስድስቱ በአንድ ጊዜ የተጫኑትን ቁልፎች ይይዛሉ።

እንግዲህ አንድ ቁልፍ እንደ ኪቦርዱ ዘመን 30፣ 28 ወይም 4 ሊባል ይችላል ማለት ነው። አዳማጩ ቋንቋውን ካላወቀ ኪቦርዱ የቱንም ያህል ቢናገር የሚሰማው አያገኝም።

ሦስቱ አዳማጮች

ኮምፒውተሩ እንደበራ የመጀመሪያው አዳማጭ ባዮስ፣ በቅርብ ጊዜ ማሽኖች ላይ ደግሞ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ተተኪው ነው። የማስነሻውን ምርጫ የሚቀበለው፣ «ከሲዲው ለመነሣት ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» ለሚለው መልእክት መልሱን የሚያሳልፈው እርሱ ነው። የተሰካው የዩኤስቢ ኪቦርድ ከሆነ ባዮስ አንድ ብልሃት ይጠቀማል። የኪቦርዱን መልእክት ራሱ ተቀብሎ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የፒኤስ 2 ኪቦርድ ያለ አስመስሎ ያስተላልፈዋል። ይህ አገልግሎት በባዮስ ገጽ ላይ «ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት» በሚል ስም ይገኛል።

ሁለተኛው አዳማጭ የመጫኛው ከርነል ነው። መጫኛው ከሲዲው ወይም ከፍላሽ ዲስኩ ተነሥቶ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሲገባ የራሱን ድራይቨሮች ይዞ ይመጣል። የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውን ከባዮስ እጅ ይረከባል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የባዮስ አስተርጓሚነት ያበቃል። መጫኛው የመቆጣጠሪያው ድራይቨር ካለው ሥራው ይቀጥላል፤ ከሌለው ኪቦርዱ ወዲያውኑ ዝም ይላል።

ሦስተኛው አዳማጭ በሃርድ ዲስኩ ላይ የተጫነው ሲስተም ነው። ይህ ሲስተም ከመጀመሪያው ዳግም መነሣት በኋላ ሥራ ሲጀምር የሚጠቀምባቸው ድራይቨሮች መጫኛው ከተጠቀመባቸው ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በጽሑፋችን መግቢያ ያየነው ተማሪ የተቸገረው በዚህ ሦስተኛው ርክክብ ላይ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቀላል ሕግ አለ። ኪቦርዱ ከመጀመሪያው፣ በባዮስ ገጽ ላይ እንኳ ካልሠራ ጥርጣሬያችን በኪቦርዱ፣ በገመዱ፣ በመሰኪያው ወይም በባዮስ ቅንብር ላይ ይሁን። በባዮስ ላይ ሠርቶ መጫኛው ሲጀምር ዝም ካለ የመጫኛው ድራይቨር ይጠርጠር። መጫኛው ውስጥ ሠርቶ ከዳግም መነሣት በኋላ ከቆመ ደግሞ የተጫነው ሲስተም ይመርመር።

አንድ ትምህርት ሰጪ ምሳሌ

ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ በመጫኛው ውስጥ ለዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያ የሚሆን ድራይቨር አልነበረም። ይህ መቆጣጠሪያ «ኤክስኤችሲአይ» ይባላል። የኮምፒውተር አምራቾች ለጥቂት ዓመታት አሮጌውንና አዲሱን መቆጣጠሪያ በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ጎን ለጎን ስላስቀመጡ ችግሩ ጎልቶ አልታየም። በ2015 ግን ኢንቴል ባወጣቸው ባለ 100 ተከታታይ ቺፕሴቶች ላይ አሮጌው መቆጣጠሪያ ቀረ፤ ሁሉም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በአዲሱ ሥር ሆኑ።

ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ 7ን ለመጫን የሞከረ ሰው በባዮስ ገጽ ላይ ኪቦርዱን እንደ ልብ ይጠቀማል። ቋንቋ እንዲመርጥ የሚጠይቀው የመጀመሪያው መስኮት ሲመጣ ግን ኪቦርዱም ማውሱም አብረው ይሞታሉ። ሁለት ዕቃዎች በአንድ ቅጽበት መሞታቸው ራሱ ጥፋቱ የዕቃዎቹ እንዳልሆነ ይመሰክራል፤ መንገዱን የተረከበው አዲሱ አዳማጭ በመንገዱ ላይ መስማት አይችልም ነበር። መፍትሔው ድራይቨሩን አስቀድሞ በመጫኛው ውስጥ ማስገባት ነበር፤ ኢንቴልም ለዚሁ የሚያገለግል ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ባዮስ ላይ «ፖርት 60/64 ኢሙሌሽን» የሚል ምርጫ ሲኖር፣ እርሱን መክፈት የባዮስን አስተርጓሚነት ያራዝመዋል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ማዘርቦርዱ የፒኤስ 2 ቀዳዳ ካለው በ1990ዎቹ የተሠራ ኪቦርድ ያለ አንዳች ችግር መሥራቱ ነው። የ8042 መቆጣጠሪያ ቋንቋ ከ1984 ጀምሮ ስላልተለወጠ ዊንዶውስ 7 አሳምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ አሮጌ የፒኤስ 2 ኪቦርድ በመሳቢያ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ዊንዶውስ 7 የደኅንነት ድጋፉ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ስለተቋረጠ ከኢንተርኔት ጋር በሚገናኝ ማሽን ላይ እንዲጫን አንመክርም። ከቆየ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ጋር የተጣበቀ ሶፍትዌር ያለው ሰው ግን ዛሬም ይህ ሁኔታ ሊገጥመው ይችላል።

የመብራቶቹ ምስክርነት

በኪቦርዱ ቀኝ ጥግ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ያለ ምንም መሣሪያ ምርመራ እንድናደርግ ያስችሉናል። «ነም ሎክ» ስንጫን መብራቱን የሚያበራው ኪቦርዱ ራሱ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ኪቦርዱ የቁልፉን ቁጥር ብቻ ይልካል። አዳማጩ ቁጥሩን ተቀብሎ «መብራቱን አብራ» የሚል ትእዛዝ ይመልሳል፤ በፒኤስ 2 ይህ ትእዛዝ ቁጥር 237 ነው። ዩኤስቢም የራሱ ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው። ስለዚህ መብራቱ በቁልፉ ንክኪ ከበራና ከጠፋ መልእክቱ ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ሦስት ሁኔታዎችን መለየት እንችላለን። ኮምፒውተሩ ሲበራም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድም መብራት ካልታየ ኃይል ወደ ኪቦርዱ ላይደርስ ይችላል፤ ገመዱን፣ መሰኪያውንና ቀዳዳውን እንመርምር። ብዙ የፒኤስ 2 ኪቦርዶች እንደሚያደርጉት ሲበራ ሦስቱም መብራቶች ለአፍታ ቦግ ብለው ከጠፉና «ነም ሎክ» ሲጫን ካልመለሱ፣ ኪቦርዱ ኃይል አግኝቶ ራሱን ፈትሿል፤ የጎደለው አዳማጭ ነው። መብራቱ እየታዘዘ በስክሪኑ ላይ ፊደል ካልታየ ደግሞ ኪቦርዱም ድራይቨሩም ጤነኞች ናቸው፤ የቆመው መጫኛው ነው፣ አለዚያም መስኮቱ ገና ጽሑፍ አይቀበልም። አንዳንድ ማስነሻ ፕሮግራሞች ለመብራቶቹ ትእዛዝ ስለማይልኩ፣ ፍተሻው መጫኛው ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላ ቢደረግ ይሻላል።

መሰኪያ መግጠሙ መግባባት አይደለም

ከአሮጌ ኪቦርዶች ጋር በተያያዘ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው አዳፕተር ነው። ባለ 5 እግሩን የኤቲ መሰኪያ ወደ ባለ 6 እግሩ ፒኤስ 2 የሚለውጠው አዳፕተር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይሠራል፤ ምክንያቱም የሚለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የ1981ዱ ዓይነት ኪቦርድ በዚሁ አዳፕተር በትክክል ቢገጥምም አይሠራም፤ ቋንቋው ሌላ ነውና። ከ1980ዎቹ የቀሩ አንዳንድ ኪቦርዶች ከሥራቸው «ኤክስቲ» እና «ኤቲ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፤ «ኤቲ» ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ችግሩን ሊፈታው ይችላል።

ከዩኤስቢ ወደ ፒኤስ 2 የሚለውጠው ትንሽ አዳፕተርም እንዲሁ ነው። በውስጡ ሽቦ እንጂ ሌላ ነገር የለም። የሚሠራው ኪቦርዱ ራሱ ሁለቱንም ቋንቋዎች እንዲችል ሆኖ ከተሠራ ብቻ ነው። በተቃራኒው አሮጌ የፒኤስ 2 ኪቦርድን በዩኤስቢ ቀዳዳ ለመጠቀም በውስጡ የሚተረጉም ቺፕ ያለው መለወጫ ያስፈልጋል።

የፒኤስ 2 የኪቦርድና የማውስ ቀዳዳዎች በቅርጽ አንድ ስለሆኑ መለዋወጥም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ ነው። ከዚህ በላይ ግን ልንጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። ፒኤስ 2 እንደ ዩኤስቢ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ እንዲነቀልና እንዲሰካ ተደርጎ አልተሠራም። እንዲህ ያደረገ ሰው የማዘርቦርዱን ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል፤ ባያቃጥልም ኮምፒውተሩ እስኪጠፋና እስኪነሣ ድረስ ኪቦርዱን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ከዚያ መሰካት፣ ከዚያ ማብራት ይገባል።

ከመጀመራችን በፊት፣ ዝም ሲልም

ከላይ ካየነው በመነሣት የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

አንደኛ፣ ማንኛውንም ሲስተም ከመጫናችን በፊት በማሽኑ ላይ ያሉትን አስፈላጊ ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ እንቅዳ። ሁለተኛ፣ በባዮስ ገጽ ላይ «ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት» መከፈቱን እናረጋግጥ። በቅርብ ጊዜ ማሽኖች ላይ «ፋስት ቡት» የሚለው ምርጫ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ዩኤስቢን ሳይቀሰቅስ ሊያልፍ ስለሚችል መዝጋቱ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ የሃርድ ዲስኩን ክፍል የሚሰርዘው ትእዛዝ ላይ ከመድረሳችን በፊት በመጫኛው ውስጥ ኪቦርዱን እንፈትነው፤ ከፍላሽ ዲስክ በቀጥታ የሚነሣ የሊኑክስ ሥርጭት ካለንም ሳንጭነው አስነሥተን አንድ ዓረፍተ ነገር እንጻፍበት። ዲስኩ ሳይነካ የታወቀ ችግር ጉዳት የለውም፤ ከተሰረዘ በኋላ የታወቀ ግን የቀረን መመለሻ ጠፍቶ ነው።

ኪቦርዱ በመካከል ዝም ካለ ኃይሉን ለማጥፋት አንቸኩል። የሃርድ ዲስኩ መብራት እየተንቀሳቀሰ ከሆነ እስኪያርፍ እንጠብቅ። ቀጥሎ የዩኤስቢ ኪቦርዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ እናዛውረው። ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ ባላቸው ማሽኖች ላይ ከሰማያዊው ቀዳዳ ወደ ጥቁሩ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማውስ እየሠራ ከሆነ በስክሪን ላይ የሚከፈተውን ኪቦርድ መጠቀም ይቻላል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ኮምፒውተሩን አጥፍተን የፒኤስ 2 ኪቦርድ እንሰካ። የአሮጌ ላፕቶፕ የራሱ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ በውስጥ በፒኤስ 2 ቋንቋ የሚናገር ስለሆነ፣ በአንዳንድ የሊኑክስ መጫኛዎች ላይ ዝም ሲል በውጭ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክቶ መጨረስ ይቻላል።

የዩኤስቢ አገልግሎቱ በባዮስ ላይ ተዘግቶ የባዮስን ገጽ መክፈት ራሱ ካልተቻለ፣ የመጨረሻው መንገድ ኮምፒውተሩን ከኃይል ነቅሎ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ማውጣት ነው። ይህ የባዮስን ቅንብር ሁሉ ወደ ፋብሪካው ስለሚመልሰው፣ ቀኑንና የሃርድ ዲስኩን አሠራር የሚወስነውን ምርጫ በኋላ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ኪቦርዱ ተናግሮ ሌላ ፊደል ሲወጣ

ኪቦርዱ ዝም ሳይል የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ከአውሮፓ የሚመጡ ያገለገሉ ኪቦርዶችን እንውሰድ። በጀርመን ኪቦርድ ላይ የ«ዜድ» እና የ«ዋይ» ቁልፎች ከአሜሪካኑ ጋር ሲነጻጸሩ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በፈረንሳዩ ላይ ደግሞ «ኤ» እና «ኪው» ተቀያይረዋል። ኪቦርዱ የሚልከው የቦታ ቁጥር ስለሆነ መጫኛው የአሜሪካኑን አቀማመጥ ከገመተ «ዜድ» የሚል ቁልፍ ሲጫን «ዋይ» ይጽፋል። የይለፍ ቃል በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ጸሐፊው ይህን አያይም። ከተጫነ በኋላ ትክክለኛው አቀማመጥ ሲመረጥ የይለፍ ቃሉ «ስህተት» ይባላል፤ ሰውየውም ከገዛ ማሽኑ ውጭ ይቀራል። በአሮጌ ላፕቶፖች ላይ «ነም ሎክ» ሳይታወቅ ሲበራም «ጄ»፣ «ኬ» እና «ኤል» ቁልፎች 1፣ 2 እና 3ን ይጽፋሉ።

ለአማርኛ ተጠቃሚም ይህ ነጥብ ጠቃሚ ነው። አንድን የአማርኛ ፊደል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፎች ይጣመራሉ፤ በነጠብጣብ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ጥምረቱ መሳካቱን ማየት አይቻልም። ስለዚህ በመጫኛው ውስጥ የይለፍ ቃሉን በላቲን ፊደል አበጅቶ፣ የአማርኛውን አቀማመጥ ሲስተሙ ከተጠናቀቀ በኋላ መጨመር ይሻላል። ስሙን በሚታየው የተጠቃሚ ስም ሣጥን ውስጥ ጽፎ ፊደሎቹ በትክክል መውጣታቸውን ማየትም ጥሩ ፍተሻ ነው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ የኤቲ ኪቦርድ ዛሬ በተገቢው መሰኪያ ቢገጠም አማርኛ ይጽፋል። ኪቦርዱ «ሀ»ን አያውቅም፤ «ኤ»ንም አያውቅም። የሚያውቀው የቁልፍን ቦታ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው አዳማጩ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ኪቦርዱ ዝም ባለ ጊዜ ወደ ገበያ ከመሮጡ በፊት «በዚህ ሰዓት የሚያዳምጠው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ መልሱን ሲያገኝ ኪቦርዱም፣ ኮምፒውተሩም፣ ገንዘቡም ይተርፋሉ።